ፈቃድ የሌለው ፋብሪካ

አንድ ቀን፣ ሰኞ ጧት ነው፣ ሰኞን የሚወድ የጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ ደግሞ እስካሁን አልተወለደም፣ አቶ ሊን ሞጆ ዳር ካለው ፋብሪካ በር ላይ እንደ ልማዳቸው ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። አቶ ሊን የታይዋን ሰው ናቸው። ቁመታቸው አጠር፣ መነጽራቸው ወፈር፣ ትዕግሥታቸው ረዘም ያለ የስድሳ ዓመት ጡረተኛ። በአገራቸው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት አሠሪ ሲመረምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ከዚህ ፋብሪካ ጫማ የሚገዛ የአገራቸው ኩባንያ «እዚያ ተቀምጠው የሠራተኛውን አያያዝ እያዩ ይጻፉልን» ሲላቸው፣ ሁለቴ ሳያስቡ ሻንጣቸውን አነሡ። ከመጡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። በየስድስት ወሩ እሳቸው «ደኅና ነው» ብለው ካልጻፉ አንድ ጥንድ ጫማ ከሞጆ አይነቃነቅም።

የአቶ ሊን ሙያ አንድ ነው። ሰው የተናገረውን ቃል በቃል መጻፍና ማስፈረም፤ በቃ። ይህን ሙያ የያዙት በሃያ አራት ዓመታቸው፣ ተቆጣጣሪ ሆነው እንደተቀጠሩ ነው። መጀመሪያ የተላኩት ወደ አንድ የጃንጥላ ፋብሪካ ነበር። ባለቤቱ «ሠራተኞቼ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ይወጣሉ» አለ። ሊን ጻፉ፤ ሰውየው ፈረመ። ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት ቢያዩ፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ቆሟል። ከቆመም ሰንብቷል፤ ሸረሪት አድርቶበታል። ሌላ ተቆጣጣሪ ቢሆን ይጮኽ ነበር። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሻይ ቀረበላቸው፣ ጠጡ። ሁለተኛ ቀረበላቸው፣ እሱንም ጠጡ። ባለቤቱ ጨነቀውና «መቼ ነው የምትሄደው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«እኔም ሠራተኛ ነኝ» አሉት ሰዓቱን እያዩ። «አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እወጣለሁ።»

ሰውየው በርጩማ ላይ ወጥቶ ሰዓቱን በገዛ እጁ ሞላው ይባላል።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ከተቆጣጣሪነት ወደ ክፍል ኃላፊነት፣ ከዚያም ወደ መመሪያ አርቃቂነት ከፍ አሉ። ስለ ሠራተኛ ዕረፍትና ስለ ዓመት ፈቃድ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ በእሳቸው እጅ ሳያልፍ አይወጣም ነበር። ሹመቱ ግን አመላቸውን አልነካውም። አለቃቸው በስብሰባ መሐል «እናስብበታለን» ካለ፣ ሊን ብዕራቸውን አንሥተው «መቼ ብዬ ልጻፍ?» ይላሉ። አለቆቹ እየተቀያየሩ ሄዱ፣ ሊን ባሉበት ቀሩ። ሚስታቸውም «ራት ምን ልሥራልህ?» ማለት የተወችው በዚሁ ምክንያት ነው ይላሉ የሚያውቋቸው፤ መቼም የሰው አፍ ሥራ አይፈታም።

ሞጆ ሲመጡ የጎደላቸው አማርኛ ብቻ ነበር። የሚሰሙትን ካልጻፉ ምኑን ሠሩት? ስለዚህ ደብተር ገዝተው ከጥበቃው ከጋሽ በዳሳ ጋር በር ላይ እየተቀመጡ ፊደል ቆጠሩ። ዓመት ሳይሞላ ደኅና አድርገው ያዙት፤ አልፎ አልፎ ብቻ ያዳልጣቸዋል። ባለፈው ሰኔ፣ ዝናቡ እያካፋ፣ ወደ ሠራተኞች ምግብ ቤት ብቅ ብለው የምታበስለውን ሴትዮ «ምሳ ደረሰ?» ቢሏት «ገና ነው» አለቻቸው። አቶ ሊን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው፣ «እንኳን አደረሰዎት» አሉ። ሴትዮዋ ስትስቅ ወጡ አረረባት። ይህ ወሬ ፋብሪካውን ሦስት ጊዜ ዞሮታል።

በዚያ ሰኞ ጧት ታዲያ ጋሽ በዳሳ እንደ ሌላው ቀን አልተጫወቱም።

«ምነው ጋሽ በዳሳ፣ ደኅና አይደሉም?»

«እኔስ ደኅና ነኝ ሚስተር ሊን። ደኅና ያልሆነችው ትርፌ ናት።»

ትርፌ የስፌት ክፍል ሠራተኛ ናት። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም፤ ፈቃድም ወስዳ አታውቅም። በመጪው እሑድ ልታገባ ነው። ሠርጉ ሁሩታ፣ ወላጆቿ ቤት ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ መልሱ እዚያው ይደገሳል። እንግዲህ ከዓመት ፈቃዷ ሰባት ቀን ይሰጠኝ ብላ አመለከተች። የፋብሪካው ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምመላሽ ማመልከቻዋን አነበቡና ፈገግ አሉ፤ ያን ጊዜ ነው ነገር የተበላሸው።

አቶ ደምመላሽ በሁለት ነገር የታወቁ ናቸው፤ በንፍገታቸውና በአማርኛቸው። እጃቸው አይፈታም፣ ምላሳቸው አይታሰርም። ቅኔ ቤት ገብተው ባያውቁም የገቡ ይመስላቸዋል። ሰው ሲለምናቸው ቤት የሚመታ ነገር ተናግረው ይሸኙታል፤ ለማኙም የለመነውን ትቶ ቀልዱን ይዞ ይወጣል። በትርፌ ማመልከቻ ኅዳግ ላይም በቀይ ብዕር እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «እሑድ አግቢ፣ ሰኞ ግቢ።»

ቀልዱ ምሳ ሳይደርስ ከስፌት እስከ መጋዘን አዳረሰ። እውነት ለመናገር ቀልዱ መጥፎ አይደለም፤ እኔም የሰማሁ ዕለት ስቄያለሁ። ያልሳቀችው ትርፌ ብቻ ናት። ሰኞ ሥራ ከገባች መልሱ ላይ ሙሽራ የለችም፤ ሙሽሪት የሌለችበት መልስ ደግሞ ለእናቷ ዕድሜ ልክ የሚወራ ኀፍረት ነው። ሰኞ ካልገባች ሥራዋን ታጣለች፤ የሚያገባት ልጅ እንደሆነ ሥራ ከፈታ ስምንት ወሩ ነው፣ ጎጇቸው የሚቆመው በእሷ መርፌ ነው።

አቶ ሊን ይህን ሁሉ ከጋሽ በዳሳ ሰምተው በቀጥታ ወደ ስፌት ክፍል ሄዱና አጠገቧ ቆሙ።

«ትርፌ፣ ፈቃድ ጠይቀሽ ነበር?»

«ጠይቄ ነበር ጋሼ።»

«አቶ ደምመላሽ ምን አሉሽ?»

«ቤት መቱልኝ።»

«ቤት?» አሉ አቶ ሊን ደንግጠው። «የማንን ቤት መቱ?»

ትርፌ ከሐዘኗ መሐል ሳቅ አመለጣትና አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ ማመልከቻዋን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ ሰጠቻቸው። አቶ ሊን ቀዩን ጽሕፈት አነበቡ፣ ከንፈራቸውን እያነቃነቁ ደግመው አነበቡ።

«ይህ ቀልድ ነው?»

«ለእሳቸው ቀልድ ነው።»

«ለአንቺስ?»

«እኔስ ግድ የለኝም፣ ያሳዘነችኝ እናቴ ናት። ጠላው ከተጠነሰሰ ሳምንቱ። ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል። ምን ብዬ ልንገራት ጋሼ? ሙሽራዋ ሥራ ገብታለች ልበላት?»

አቶ ሊን ማመልከቻውን አጥፈው ያዙ። ሠላሳ አራት ዓመት ስለ ዓመት ፈቃድ የጻፉት ወረቀት ቢከመር ይህን አዳራሽ ይሞላል፤ ለዚህች ልጅ ግን አንድ ቀን አልሆነላትም። አዘኑም፣ ተናደዱም። እሳቸው ሲናደዱ ደግሞ ጨዋነታቸው ይጨምራል እንጂ ድምፃቸው አይጨምርም። «ማመልከቻሽ እኔ ጋ ይቆይ» አሏትና ኮታቸውን ቆልፈው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጡ።

«ይግቡ ሚስተር ሊን፣ ይግቡ» አሉ አቶ ደምመላሽ። «ሻይ ይምጣ?»

«ከሥራው በኋላ እጠጣለሁ። የመጣሁት ስለ ትርፌ ነው።»

«አሃ፣ ስለ ሙሽራዪቱ። የጻፍኩላትን አዩት? ለእርስዎ እንኳ ይከብድዎታል። አግቢ ሌላ ነው፣ ግቢ ሌላ ነው፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ነው።»

«ገብቶኛል። ቆንጆ ነው። ግን የሰባት ቀን ፈቃድ አይሆናትም።»

አቶ ደምመላሽ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «ይስሙኝ ሚስተር ሊን። ጫማውን በወሩ መጨረሻ አድርስ ብሎ የያዘኝ የእርስዎ አገር ገዢ ነው። ሰፊዬን ሠርግ ልኬ በማን ላሰፋ ነው? ደግሞ ዛሬ ለእሷ ብሰጥ ነገ መቶው ሠራተኛ ሁሉ ላግባ ይላል። ሞጆ ሙሽራ በሙሽራ ይሆናል።»

«ይሁን። ሙሽራ ሁሉ አዲስ ጫማ ይገዛል።»

ይቺ መልስ አቶ ደምመላሽን ትንሽ ጎረበጠቻቸው። በራሳቸው ቢሮ፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ ያውም ሰኔ ላይ እንኳን አደረሰዎት በሚል ሰው መቀደም አይወዱም።

«አማርኛዎ ተሻሽሏል» አሉ። «ግን ይጠንቀቁ። አማርኛ ባሕር ነው፤ እንግዳ ሰው ይሰጥምበታል።»

«እኔ የደሴት ሰው ነኝ። ያደግሁት ባሕር ዳር ነው።»

«ባሕር ዳር? ጎጃሜ መሆንዎንስ አላውቅም ነበር» አሉና አቶ ደምመላሽ በራሳቸው ነገር ተንከተከቱ። መልካቸው በራ፤ እንደገና የበላይ ሆኑ። «በሉ ይተዉት። የሠርግ ጉዳይ እዚህ ላይ አለቀ። ሌላ ሥራ አለዎት?»

«አለኝ። የስድስት ወሩ ቅጽ ዛሬ ይላካል። እንሙላው።»

ቅጹን ወደ አማርኛ የመለሱት ራሳቸው አቶ ሊን ናቸው። ከመዝገበ ቃላት ቃል በቃል እየለቀሙ ስለጻፉት ጥያቄዎቹ አጫጭርና ደረቅ ናቸው፤ እንደ ፖሊስ ጥያቄ። ሦስት ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ጀመሩ።

«የሚጠጣ ውሃ አለ?»

«አለ።»

«የእሳት ማጥፊያ አለ?»

«አለ።»

«የአደጋ ጊዜ መውጫ በር አለ?»

«አለ፤ ለሙሽራ ግን አይከፈትም» አሉ አቶ ደምመላሽ። አቶ ሊን አጎንብሰው «ለሙሽራ ግን አይከፈትም» ብለው ጻፉ።

«ኧረ ሚስተር ሊን፣ እሱ ቀልድ ነው።»

«ይሰረዝ?»

«ይሰረዝ እንጂ።»

ሰረዙ። ከስርዙ አጠገብም አስፈረሟቸው። አቶ ደምመላሽ እየሳቁ ፈረሙ፤ ሽማግሌው እንዲህ ያሉ ሰው መሆናቸውን ለምደውታል። ቀጣዩ ጥያቄ መጣ።

«ፈቃድ አለ?»

አቶ ደምመላሽ ቀና አሉ። ሽማግሌው በበር የተከለከሉትን በመስኮት ሊገቡ ነው ብለው አሰቡ። ቅጽ አስመስለው ስለ ትርፌ መልሰው እያነሡባቸው ነው።

«የለም።»

«ምንም የለም?»

«ምንም። እንዲያውም እኔ ልንገርዎትና እርስዎ ይጻፉ። በዚህ ግቢ ውስጥ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ትናንትም አልነበረም፣ ነገም አይኖርም።»

አቶ ሊን ጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ጠየቁ።

«ይህስ ቀልድ ነው? ይሰረዝ?»

«አይሰረዝም። ይልቅ ያምጡት፣ ማኅተም ላድርግበት።» ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጡ፣ እፍ እፍ አሉበት፣ ሦስቱንም ቅጂ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ መቱት። ፊርማቸውንም ከዳር እስከ ዳር ዘረጉበት።

አቶ ሊን ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቁ። ከዚያ ሦስቱን ወረቀቶች በሦስት ፖስታ መክተት ጀመሩ።

«አንዱ ለገዢው ኩባንያ» አሉ። «አንዱ ግልባጭ ለሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት። አንዱ ግልባጭ ለንግድ ጽሕፈት ቤት።»

«ለንግድ? የሠርግ ነገር ንግድ ጽሕፈት ቤትን ምን አገባው?»

«ሠርጉ አያገባውም። ፋብሪካው ግን ያገባዋል። ፈቃድ የሌለው ፋብሪካ አግኝቼ ዝም ካልኩ እኔም እጠየቃለሁ።»

«ምን የሌለው?»

«ፈቃድ። ፈቃድ የሌለው የንግድ ቤት ይታሸጋል ያሉኝ ጋሽ በዳሳ ናቸው፤ እዚህ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ሲታሸግ አብረን አይተናል። ገዢውም ፈቃድ ከሌለው ፋብሪካ አንድ ጥንድ አይገዛም። በጣም አዝናለሁ አቶ ደምመላሽ። ጥሩ ጫማ ነበር የምትሠሩት።»

አቶ ደምመላሽ እጃቸውን ፖስታዎቹ ላይ ጫኑ። ዓመት ሙሉ የደከሙበት ትእዛዝ በሦስት ፖስታ ተከፋፍሎ ከጠረጴዛቸው ሊነሣ ነው፤ ያውም በገዛ ማኅተማቸው።

«ሚስተር ሊን፣ ይቆዩኝ። ይቀመጡ። እኔ የለም ያልኩት የዓመት ፈቃድ ነው እንጂ የንግድ ፈቃድ መቼ ከአፌ ወጣ? የንግድ ፈቃዴ ይኸውልዎት፣ ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት ተሰቅሎ።»

አቶ ሊን ወደ ግድግዳው ተመለከቱ። ከዚያ አንዱን ፖስታ ከፍተው፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው ቀስ ብለው አነበቡ።

«በዚህ ግቢ ውስጥ፣ ፈቃድ የሚባል ነገር፣ የለም። ትናንትም አልነበረም፣ ነገም፣ አይኖርም። ፊርማ አለው። ማኅተምም አለው። ይሰረዝ ወይ ብዬ ጠይቄያለሁ።»

«አዎ ጠይቀዋል፣ ግን እኮ ፈቃድ በአማርኛ ብዙ ነው። የዓመቱ ሌላ ነው፣ የንግዱ ሌላ ነው። እርስዎ ደባለቋቸው።»

«ለእርስዎ ብዙ ይሆናል፤ ባሕሩን ያውቁታል» አሉ አቶ ሊን። «እኔ እንግዳ ሰው ነኝ፣ የማውቀው አንድ ፈቃድ ብቻ ነው። ካለ ለሠራተኛውም ለባለቤቱም አለ። ከሌለ ለሁለታችሁም የለም።»

አቶ ደምመላሽ የሽማግሌውን ፊት አተኩረው አዩት። ይህ ሰው የምር ተሳስቶ ነው ወይስ እየቀለደ? ቅንድቡን አዩ፣ ከንፈሩን አዩ። እንዲህ ዓይነቱን ፊት ለማንበብ የእሳቸው አማርኛ አልበቃም። በመጨረሻ በረጅሙ ተነፈሱ።

«እሺ። ሌላ ቅጽ ያውጡ። ፈቃድ አለ ብለው ይጻፉ።»

«ለማን?»

«ለሁሉም።»

«ለማንኛው ሠራተኛ? ለስፌትም?»

«ለስፌትም፣ ለመጋዘንም፣ ለጥበቃም። አለ አልኩ እኮ። የልጅቷንም ማመልከቻ ያምጡት።»

አቶ ሊን ማመልከቻውን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ዘረጉላቸው። አቶ ደምመላሽ ያንን ያማረ ግጥማቸውን በዚያው በቀይ ብዕር ሰረዙት። ከሥሩ «ከሐሙስ ጀምሮ ሰባት ቀን ተፈቅዶላታል» ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም መቱ። በዚህ ጊዜ ግን እፍ አላሉበትም።

«በቃ? ሄዳ ትሞሸር። አሁን እነዚያን ሦስቱን ይቅደዷቸው።»

አቶ ሊን ማመልከቻውን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ወረቀቱን በትሕትና፣ በሁለት እጃቸው፣ ወደ አቶ ደምመላሽ መለሱት።

«አንዲት ነገር ቀርታለች» አሉ። «ነገ ማንም አስገድዷቸው ነው እንዳይል፣ ከፊርማዎ በላይ ‹በገዛ ፈቃዴ› ብለው ይጨምሩልኝ።»